ቀረፋ ከማንቆርቆሪያ ወጥቶ በማንኪያ ሲዋጥ

በጎጃም የሚገኙት ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ የጤፍ አገሮች ናቸው። የቀረፋ ዛፍ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት የማይለየው ቆላ ስለሚፈልግ በዚህ ደጋ አይበቅልም። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች ቀረፋ የሌለው ሱቅ ማግኘት ያዳግታል። በገበያ ቀን ቅመም ሻጮች ካነጠፉት ማዳበሪያ ላይ አብሹ፣ ድንብላሉና ጥቁር አዝሙዱ የደጋው ልጆች ናቸው፤ ኮረሪማው ዓባይን ተሻግሮ ከደቡብ ምዕራብ የመጣ ነው፤ ቀረፋው ግን በአብዛኛው ባሕር አቋርጦ የገባ ነው። ጎጃም ለቅመም ንግድ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው የባሶ ገበያ፣ የዛሬው የጁቤ፣ ከደቡብ ምዕራቧ እናርያ የሚነሣው ኮረሪማና ቡና ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚያልፍበት ታላቅ መገናኛ ነበር።

እናቶቻችን ቀረፋን የሚያውቁት በሻይና በመከለሻ ነው። ስባሪው ከቅርንፉድ ጋር ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይጣላል፣ ይፈላል፣ ሻዩ ሲቀዳ እንጨቱ እዚያው ይቀራል። በመከለሻም ቢሆን ከኮረሪማው፣ ከጥምዙና ከቁንዶ በርበሬው ጋር ተወቅጦ ለአንድ ድስት ወጥ የሚገባው ቁንጥር ነው። በዚህ መንገድ ስንጠቀምበት የኖርነው ቀረፋ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚያሰጋ ነገር የለውም።

አሁን ግን ሌላ ልማድ መጥቷል። ቀረፋ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለቦርጭ መድኃኒት ነው እየተባለ ይወራል። በስልክ የሚዞረው ምክር፣ ዱቄቱ በሙሉ ማንኪያ ከማር ጋር ተለውሶ በባዶ ሆድ ይዋጥ የሚል ነው። አንዱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለእናቱ ይነግራል። እናትም ከሆስፒታል የተሰጣትን ኪኒን እየዋጠች ቀረፋውን ትደርብበታለች፤ ለሐኪሟ ግን አትናገርም። ቀረፋ ቅመም ነው እንጂ መድኃኒት ነው ብላ ስለማታስብ፣ የሚነገር ነገር መሆኑ ትዝ አይላትም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ዝምታ ነው።

ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ የውጭው ሻካራ ቅርፊት ይፋቅና ከሥሩ ያለው ልጥ ተገፎ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይጠቀለላል። ገበያ ላይ የሚገኘው ቀረፋ ግን ከአንድ ዛፍ የሚመጣ አይደለም። አንዱ የስሪላንካ፣ በቀድሞ ስሙ የሲሎን ቀረፋ ነው። ሌላው ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም የሚመጣው ካሲያ የሚባለው ነው። ዋጋው ረከስ ስለሚል በዓለም ገበያ የሚበዛው ካሲያ ነው።

ሁለቱን ለመለየት እንጨቱን እጅ ላይ ይዞ ማየት ይበቃል። የሲሎኑ ቀጭን ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልለው ይታያሉ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ካሲያው አንድ ወፍራም ልጥ ነው፤ ጠንካራ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ጠቆር ያለ፣ ለመስበር የሚያስቸግር፣ ሽታውም ኃይለኛ። ከተፈጨ በኋላ ግን ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

ልዩነቱ የጣዕም ብቻ አይደለም። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ፤ በሲሎኑ ውስጥ ያለው ከምንም አይቆጠርም። ኩማሪን በአንዳንድ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ብዙ ሲወሰድ፣ ጉበትን ይጎዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ኩማሪንን ለብቻው ምግብ ላይ መጨመር የከለከለችው በዚህ የተነሣ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ያለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው። የጀርመን የሥጋት ግምገማ ተቋም ይህን ወደ ቀረፋ መልሶ አስልቶታል፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን 2 ግራም ካሲያ፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግማሽ ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሁለት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ የሚውጥ ሰው ልኩን ከእጥፍ በላይ አልፏል ማለት ነው። አንድ ቀን ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ ችግሩ ለወራት ሲዘልቅ ነው። በማንቆርቆሪያ የፈላው እንጨት ኩማሪኑን ወደ ውሃው የሚለቀው በከፊል ነው፤ የተዋጠው ዱቄት ግን ያለውን ሁሉ ይዞ ይገባል።

ስኳርን ያወርዳል የሚለው ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በፓኪስታን 60 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በቀን 1፣ 3 ወይም 6 ግራም ቀረፋ ለ40 ቀን የወሰዱት ሰዎች በባዶ ሆድ የተለካ ስኳራቸው ከ18 እስከ 29 በመቶ ወረደ። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የተሞከረው ግን የዚያን ያህል አላመጣም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2012 577 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ፣ ቀረፋ ለስኳር በሽታ ይበጃል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም አለ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር በሚያሳየው የደም ምርመራ ላይ ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ የወጡ አንዳንድ ግምገማዎች የባዶ ሆድ ስኳር መጠነኛ ቅናሽ እንደሚያሳይ ጽፈዋል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀረፋ ስኳርን ትንሽ ሊያግዝ ይችል ይሆናል፣ ሜትፎርሚንን ወይም ኢንሱሊንን ግን አይተካም። ኪኒኑን ትቶ ቀረፋ የያዘ ሰው በሽታውን ያለ ሕክምና ትቶታል።

ከመድኃኒት ጋር ሲደረብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ብዙ ቀረፋ ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ወይም ጉበትን የሚፈትን ሌላ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን የሚውጥ፣ ዱቄቱን በማንኪያ መውሰድ የለበትም። ነፍሰ ጡርም ከሻይና ከወጥ ቅመምነት ባታሳልፈው ይሻላታል።

በጎጃም ይህ ነገር ከጾም ጋር ይገናኛል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል አይቀምስም። የስኳር ታማሚ የሆነ ጾመኛ ጠዋት ኪኒኑን ውጦ፣ ቀረፋም ጨምሮ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ ቅዳሴ ሲቆም ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ዓይኑ ከጨለመበት ስኳሩ ወርዷል። ወዲያው ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰ ራሱን ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ጾም አትጭንም፤ ጉዳዩን ለነፍስ አባት መንገር ነውር የለውም፣ ከጾሙ በፊት ደግሞ ከሐኪም ጋር የኪኒኑን ሰዓትና መጠን መነጋገር ግድ ነው።

ሌላው ጉዳይ የዱቄቱ ንጽሕና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በአሜሪካ ቀረፋ የገባበት የተፈጨ ፖም የበሉ ሕፃናት ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ከተጠረጠሩት ጋር የተመዘገቡት ከ500 በላይ ነበሩ። ምርመራው የደረሰው ኢኳዶር ውስጥ የተፈጨ ቀረፋ ላይ ሲሆን፣ እርሳስ ያለበት ቀለም ሳይጨመርበት እንዳልቀረ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገለጸ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በእኛም አገር በርበሬና ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅለው እንደሚሸጡ የማያውቅ የለም። ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት እንጨቱን ገዝቶ፣ ዓይቶ፣ አሽትቶ ቤት ውስጥ መውቀጥ ይመረጣል።

መድኃኒት በልክ እንዲሆን ለዚህ አገር ሰው ማስተማር አያሻም። አያቶቻችን ለኮሶ በሽታ ኮሶ ሲጠጡ በየሁለት ወሩ እንጂ በየቀኑ አልነበረም፤ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይወጣም፣ ነፍሰ ጡርም አትነካውም ነበር። ኮሶ ልኩን ሲያልፍ ዓይን እንደሚያጠፋና እንደሚገድል ስለሚያውቁ ይፈሩት ነበር። ቀረፋ ጣፋጭ ሽታ ስላለው ነው ያልፈራነው። መድኃኒት ብለን ከወሰድነው ግን የኮሶውን ያህል መጠንቀቅ አለብን።

ቀረፋ በዱቄት ወይም በካፕሱል የሚወስዱ አንባቢ ካሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። ወደ ሞጣ ጠቅላላ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ቢቸና ሆስፒታል፣ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሲሄዱ ከኪኒንዎ ጋር የቀረፋውንም ዕቃ ይዘው ይሂዱ፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚወስዱም ለሐኪሙ ይንገሩ። ዓይንዎ ወይም ቆዳዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ወይም የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቶ ቀኝ ጎንዎን ካመመዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ቀረፋውን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ።