ፈረስ ያደርሳል፤ ካደረሰ በኋላስ?

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ አስፋልት አካፋይ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ ቆሞ አየሁ። የጋሪ ገመድ ትከሻውን ልጦታል፣ የኋላ እግሩ አብጧል። የእንስሳት ክሊኒክ ገብቼ ስልኬን ስከፍት የዚያኑ ፈረስ ፎቶ አንዱ ለጥፎ «ጡረታ ወጥቶ በነፃነት ሣር እየጋጠ ነው» ብሏል። ላይኩ ጎርፏል። ነፃነት!

1. እየጋጠ አይደለም። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ከድድ እየወጣ ያልቃል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ይጠፋል። ያረጀ ፈረስ ሣሩን ያኝካል እንጂ አይውጥም፣ አድቦልቡሎ ይተፋዋል። ፎቶውን አጉልታችሁ እግሩ ሥር እዩ። «ጠግቦ ነው የተፋው» የሚለኝ ሰው አለ። አልጠገበም! የሾለ መንጋጋው ጉንጩን እየቆረጠው ነው። ይህ በሞረድ ይስተካከላል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጥርሱ ጨርሶ ያለቀበት ግን በውሃ የራሰ ፉርሽካ ካላገኘ ሣር መሀል ቆሞ በረሃብ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ሲርበው ፌስታል ይበላል፣ አንጀቱ ይዘጋል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ስንቴ ልናገር?

2. «ባለጋሪው ጨካኝ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። በሬ ሲያረጅ ቄራ አለው። ፈረስ አንበላም፤ ሥራ ባቆመ ማግስት ዋጋው ዜሮ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ጩኸት ተዘጋ። ጩኸቱ ይገባኛል፤ ግን ከጮኸው ውስጥ ላረጀ አህያ አንድ ሸክም ጭድ የገዛ ስንቱ ነው? ባጃጅ ተሳፋሪውን የወሰደበት ባለጋሪ ልጆቹን ያብላ ወይስ ፈረሱን?

ታዲያ ማን ይክፈል? በፈረስ ያተረፈ ሁሉ፣ ያውም ፈረሱ ገና ሲሠራ። የእሽቅድምድም አገሮች ተጨቃጭቀው እዚሁ ነው የደረሱት። ለጡረተኛ የውድድር ፈረሶች እንግሊዞች በ2000 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካኖች በ2012 ድርጅት አቋቋሙ፤ አሜሪካ ውስጥ ከአርቢው፣ ከባለቤቱ፣ ከጨረታ ቤቱ ይሰበሰባል። ካነከሰ በኋላ ባለቤት መፈለግ ከንቱ ነው፤ «የኔ አይደለም» ይላል። እኛም ጋሪው ሰሌዳ ሲያወጣና ሲያድስ ለፈረሱ ትንሽ ብር ይቀመጥ። ብሎኬትና አሸዋ በርካሽ ያስጫነው ነጋዴም ያዋጣ። ለማይድነው ደግሞ ያለ ስቃይ የሚያሸልበው መርፌ ከዚያው ይገዛ። ይህን ስል «ነፍሰ ገዳይ» የምትሉኝ፣ ጅብ በቁሙ ሲጀምረው አላያችሁም።

ስለ ዛሬው ፈረስ አንድ ቢሮ ደወልኩ። «የትራፊክ ጉዳይ ነው።» ትራፊኩ «የእንስሳት ነው።» ሦስተኛው «ደብዳቤ አስገባ።» ሲዳሞን ያስተዳደሩትን ደጃዝማች ባልቻን በፈረሳቸው ስም አባ ነፍሶ ብሎ የሚያሞግስ አገር፣ ላረጀ ፈረስ ደብዳቤ አስገባ!

ማታ የምትነዱ፣ በተለይ ባጃጆች፣ ቀስ በሉ። የተጣሉ ፈረሶች ጨለማ ውስጥ አስፋልት መሀል ይቆማሉ፣ ጥሩምባ ሰምተውም አይነሱም።