ባልትናና የዓመቱ ወራት

ባልትና በብዙ ሰው አስተያየት ወጥ የመሥራት ችሎታ ብቻ መስሎ ይታያል። በደጋና በወይና ደጋ የሚገኘውን የክርስቲያን ቤት ጓዳ ለሚመረምር ሰው ግን ባልትና ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜን የማወቅ ጥበብ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያዋ ሁለት ሥርዓቶችን አስማምታ ትሠራለች፤ አንደኛው የበጋና የክረምት፥ ሁለተኛው የጾምና የፍስክ ነው።

የበጋው ሥራ በፀሐይ ላይ የተመሠረተ ነው። ዛላው በርበሬ ተቀንጥሶ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋራ ይደለዛል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላም ኮረሪማና አዝሙድ ተጨምሮበት ይፈጫል። ሽሮ የሚሆነው አተር ወይም ሽምብራም ይታመሳል፥ ይከካል፥ ከቅመሙ ጋራ ይፈጫል። በሚገባ ያልደረቀ በርበሬ ስለሚሻግት፥ ይህ ሁሉ ክረምት ከመግባቱ በፊት መፈጸም አለበት። ስለዚህ በሐምሌ የሚበላው ወጥ ጣዕሙ የሚወሰነው በሚያዝያ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም ጋራ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ፤ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የፈለቀ ተክል ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1492 በኋላ ነው። እንግዳው ተክል የአገሬውን ጓዳ ሥርዓት ተቀብሎ ባላገር ሆነ።

ሁለተኛው ሥርዓት የጾሙ ነው። ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ የነቢያት ጾምም ኅዳር 15 ቀን ይጀምራል። በነዚህ ቀኖች ሥጋ፥ ወተትና ቅቤ ስለሚከለከሉ፥ ኑግ፥ ሱፍና ተልባ ስፍራቸውን ይይዛሉ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ በስናፍጭ የሚብላላው ስልጆ ቀናትን የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ታስቦ ዛሬ አይበላም። እንግዲህ ጾም መከልከል ብቻ ሳይሆን ሙያን የሚያፈልቅ ምክንያትም ሆኗል።

ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ የተለየ ተራ በጥንቱ ማዕድ አልነበረውም። የጣፋጭነት ምንጩ ማር ሲሆን፥ ዋናው የማር ቈረጣ ከክረምቱ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል። ከማሩ ብዙው ለጠጅ ይውላል፤ አስካሪ ለማይጠጣ ብርዝ ይበረዛል። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር የአገር ውስጥ ምርት ሆነ፤ በቤት የሚጋገረው ዳቦ ቆሎም በስኳር ሊጣፍጥ ቻለ። ማር ወቅት አለው፤ ስኳር ወቅት የለውም።

ከቤት ውጭ መመገብም ይህንኑ ለውጥ ያሳያል። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ካቋቋሙበት ጊዜ አንሥቶ ምግብ በገንዘብ የሚገኝበት ቤት እየተስፋፋ ሄዷል። ምግብ ቤቱ የጾሙን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ያቀርባል፥ በሁዳዴም ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። የበጋና የክረምቱ ሥርዓት ግን ለተመጋቢው አይታየውም፤ ገበታው በጥርም በነሐሴም አንድ ነው።

ቃሉም ከነገሩ ጋራ ተለውጧል። ባልትና ሲባል ቀድሞ የሴቲቱ ዕውቀት ነበር፤ ዛሬ ግን በየከተማው «የባልትና ውጤት» ተብሎ የሚሸጠው የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ነው። ስሙ ከሰው ወደ ዕቃ ተሻገረ። ሆኖም በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በርበሬና ሽሮ ከእናቶቻቸው ቤት ያስልካሉ፤ በገበያ የሚገኘውን ትተው የሚፈልጉት የአንድን ጓዳ እጅ ነው።

ከዚህ የተነሣ የምግብን ባህል የሚያጠና ሰው የቅመሙን ዓይነትና መጠን መዝግቦ ቢያቆም ሥራው ጐደሎ ይሆናል። እያንዳንዱ ሥራ በየትኛው ወር፥ በየትኛው አገር፥ ለየትኛው ጾም ወይም በዓል እንደሚጀመር ከባለሙያዎቹ አፍ መጻፍ ያስፈልጋል። ቅመሙ ወደፊትም ከገበያ አይጠፋም፤ የወራቱ ዕውቀት ግን ከሚያውቁት ሴቶች ጋራ ሊያልፍ ይችላል።