ዓይን ጆሮን ሲቀድም

ኮምፒዩተር ላይ ሙዚቃ ለመሥራት ከሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች መካከል ‹ትራከር› የሚባሉትን ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ የለመዳቸው ግን በቀላሉ አይተዋቸውም። እኔ በምጠቀምበት ትራከር ላይ አንድ ትንሽ እንከን አለ። ሙዚቃው ሲጫወት በስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር የሚወርደው ምልክት ከድምፁ ይቀድማል። ከበሮው ገና ሳይሰማ ምልክቱ የከበሮውን መስመር አልፎ ይገኛል። ፕሮግራሙ አይዘጋም፣ የተሠራው ሥራ አይጠፋም፣ ድምፁም አይበላሽም። ታዲያ ምኑ ያስጨንቃል? ለዚህ መልስ ለመስጠት የትራከርን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ዓይነት ፕሮግራም መነሻ ጀርመናዊው ካርስተን ኦባርስኪ ለኮሞዶር አሚጋ ኮምፒዩተር የጻፈው ‹አልቲሜት ሳውንድትራከር› ሲሆን፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በትራከር ውስጥ የተለመደው ባለአምስት መስመር ኖታ የለም። ሙዚቃው የሚጻፈው ከላይ ወደ ታች በሚነበብ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኞች የሚገለገሉበትን ስፕሬድሺት ይመስላል። ሳውንድትራከር አራት ዓምዶች ወይም ቻናሎች ነበሩት። ‹ፓተርን› የሚባለው አንዱ ገጽ ደግሞ 64 መስመሮችን ይይዛል። በየመስመሩ ላይ የትኛው መሣሪያ፣ በምን ድምፅ እንደሚጫወት ይጻፋል። በኋላ የመጡት እነ ‹ፋስትትራከር 2›፣ ‹ኢምፐልስ ትራከር› እና ‹ሬኖይዝ› ብዙ ነገር ቢጨምሩም ይህን መሠረታዊ አሠራር አልለወጡም።

በአሚጋ ዘመን ዓይንና ጆሮ አይለያዩም ነበር። በአውሮፓ የተለመደው አሚጋ ስክሪኑን በሰከንድ 50 ጊዜ ያድስ ነበር፤ ሳውንድትራከርም ሙዚቃውን የሚያራምደው በዚሁ ምት ነው። ስለዚህ አንዱ ምት 20 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በተለመደው ፍጥነት አንድ መስመር ስድስት ምት ስለሚቆይ 120 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ‹ፓውላ› የተባለችው የድምፅ ቺፕም ድምፁን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ እያነሳች ወዲያው ታሰማ ነበር። ስለሆነም የታየውና የተሰማው አንድ ላይ ይሄዱ ነበር።

የዛሬው ኮምፒዩተር አሠራር ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን አስቀድሞ ይቀላቅልና ‹ባፈር› በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሳውንድ ካርዱ ከዚያ እየቀዳ ያሰማል። ነገሩ ከቤታችን ሮቶ ጋር ይመሳሰላል። አሁን ወደ ሮቶው የገባው ውሃ ከቧንቧው የሚወርደው ቀድሞ የተጠራቀመው ካለቀ በኋላ ነው። ማጠራቀሚያው ባይኖር ኮምፒዩተሩ ለአፍታ ሥራ በበዛበት ቁጥር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

እንከኑ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑን የሚሥለው የፕሮግራሙ ክፍል ‹የትኛው መስመር ላይ ደረስክ?› ብሎ የሚጠይቀው ድምፁን የሚቀላቅለውን ክፍል ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ሳውንድ ካርዱን ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙናዎች በሚጫወቱበት ኮምፒዩተር 4,096 ናሙና የሚይዝ ባፈር 93 ሚሊ ሰከንድ ያህል መዘግየት ይፈጥራል። ይህ የአንድ መስመርን ዕድሜ ሦስት አራተኛ ያህላል። ባፈሩ 8,192 ከሆነ ደግሞ መዘግየቱ 186 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ተኩል መስመር ይደርሳል። ያን ጊዜ ምልክቱ መቅደም ብቻ ሳይሆን መስመር እየዘለለም ይወርዳል።

ሙዚቃውን በዝግታ፣ አንድ በአንድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው በኪቦርዱ እየተጫወቱ ሲቀዱ ነው። የስምንተኛውን መስመር ድምፅ ሰምቼ ቁልፉን ስመታ ምልክቱ ዘጠነኛው ላይ ከደረሰ፣ ፕሮግራሙ የመታሁትን ዘጠነኛው ላይ ይጽፈዋል። በትራከር የችክችካ ምት ስሠራ ፓተርኑን 48 መስመር አደርገዋለሁ፤ ለስድስት ያለ ትርፍ ይካፈላልና። በስድስት በሚቆጠር ምት ውስጥ ከበሮው አንድ መስመር ወደ ታች ከወረደ ጠንካራው ምት ከቦታው ይነሳል፤ ዘፈኑም ያነክሳል። ከዚህ የሚብሰው ጀማሪው ‹እጄ ዘገምተኛ ነው፣ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም› ብሎ መደምደሙ ነው። አንዳንዱም ቀድሞ መምታትን ይለምድና ባፈሩ በተስተካከለ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ በተቃራኒው ይሳሳታል።

መፍትሔው ለፕሮግራም ጸሐፊው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር ሲቀላቀል በስንተኛው ናሙና ላይ እንደሚጀምር መዝግቦ በተራ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሳውንድ ካርዱ ስንት ናሙና እንዳሰማ ጠይቆ ከዚያ ጋር የሚገጥመውን መስመር ማሳየት ነው። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ተጠቃሚው ባፈሩን ማሳነስ ይችላል። በ512 ናሙና መዘግየቱ ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወርድ ዓይን አይለየውም። አቅሙ ደካማ የሆነ ኮምፒዩተር ግን በዚህ መጠን ድምፁን ሊያቆራርጥ ስለሚችል ደረጃ በደረጃ ዝቅ ማድረግ ይመረጣል።

እንከኑን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ማሳወቅ የሚፈልግ ሰው ‹ምልክቱ ይቀድማል› ብሎ ብቻ ቢጽፍ መልስ ላያገኝ ይችላል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። በየ16 መስመሩ አንድ የከበሮ ምት ብቻ አስቀምጬ አጫውተዋለሁ፤ ቀጥሎ ባፈሩን እጥፍ አድርጌ እደግመዋለሁ። ክፍተቱ አብሮ ከሰፋ መንስኤው ባፈሩ ነው። ሙከራው በባለገመድ ማዳመጫ መሆን አለበት፤ ገመድ አልባው የራሱን መዘግየት ይጨምራልና። ከዚያ የባፈሩን መጠን፣ በሰከንድ የሚጫወተውን ናሙና ብዛት፣ የዘፈኑን ፍጥነትና ያንን አጭር ፋይል አያይዤ እልካለሁ። እነዚህን በእጁ የያዘ ፕሮግራመር ችግሩን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ማየት ስለሚችል ‹እኔ ጋ ይሠራል› ለማለት ምክንያት አይኖረውም።