በእንፋሎት ግፊት ስለሚያበስለው ድስት

በደጋ አገር ሽምብራ ወይም ባቄላ የሚቀቅል ሰው ማገዶው አልቆ እህሉ ግን እንደ ጠጠር ሲቀር ብዙ ጊዜ ያጋጥመዋል። የቤቱ እመቤትም ጥፋቱን አንዳንድ ጊዜ በእህሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በሠራተኛዋ ላይ ታደርገዋለች። በእርግጥ ያረጀ እህል ለመብሰል ያስቸግራል፤ ዋናው ምክንያት ግን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ነው።

ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን መጠን በላያችን የሚጫነው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ቅናሹም በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከርሷ በምትበልጠው በደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። ውሃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን አብዝተው ቢያነዱበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በቴርሞሜትር ሊያሳዩት ይችላሉ። መጽሐፉ 100 ሲል መሣሪያው 92 ሲያሳያቸው ተማሪዎቹ የሚያነሡት ጥያቄ ከረጅም ንግግር ይበልጥ ያስተምራል።

እንግዲህ በተለምዶ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ድስት የሚጠቅመው በዚህ ነገር ነው። ክዳኑ ከጎማ ጋር ተጠምዝዞ ስለሚገጥም እንፋሎቱ ይታመቃል፤ የታመቀው እንፋሎትም ውሃውን ስለሚጫነው ውሃው በለመደው ሙቀት መፍላት ይሳነውና ሙቀቱ እያደገ ይሄዳል። በባሕር ጠረፍ 121 ዲግሪ የሚደርሰው ጠንካራ ድስት በአዲስ አበባ 117 ያህል ይደርሳል። ይህም ለደጋው ሰው ትንሽ ያነሰ ቢመስልም፣ እዚያ ከ100 ወደ 121፣ እዚህ ግን ከ92 ወደ 117 የተደረገ ጉዞ ስለ ሆነ ትርፉ ከባሕር ጠረፉ ሰው ይልቅ ለእኛ ይበልጣል።

የዕቃው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዴኒስ ፓፔን የተባለው ፈረንሳዊ በ1679 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የመጀመሪያውን አበጀ፤ እንፋሎቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ የጨመረበትም እርሱ ራሱ ነው። በ1682 ለንደን ውስጥ ለሊቃውንት ማኅበር አባሎች በዚሁ ዕቃ የተዘጋጀ እራት ቀርቦላቸው፣ አጥንቱ ሳይቀር ለስልሶ እንዳገኙት ከመካከላቸው አንዱ ጽፎታል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም በ1879 ሻርል ሻምበርላን ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቶ በሐኪም ቤት መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚነጹበትን አውቶክላቭ ሠራ።

ወደ ወጥ ቤታችን እንመለስ። በተራ ድስት ሁለትና ሦስት ሰዓት ማገዶ የሚፈጀው ንፍሮ ወይም የአጥንት ቅቅል በዚህ ድስት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። በገንዘብ በኩል ያለውን ጥቅም አንባቢው ራሱ ያሰላዋል፤ እኛን ይልቁንም የሚያሳስበን ጭሱ ነው። የቤት ውስጥ ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች የመያዝን አደጋ ወደ እጥፍ እንደሚያደርሰው የዓለም የጤና ድርጅት ያስታውቃል። ከሰል ደግሞ ጭስ የለውም ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ፣ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኙትን ሳይነቁ ይገድላቸዋል። ድስቱ የማብሰያውን ሰዓት ስላሳጠረ ብቻ መስኮት ከመክፈት የሚያድነን አይደለም፤ ሆኖም እናቲቱና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ በጭስ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ከዕቃው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቆላና ለጠረፍ አገር የታሰበ ነው። የታወቀው ሥርዓት፣ ከ600 ሜትር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከመቶ 5 እጅ መጨመር ነው። መጽሐፉ 20 ደቂቃ ቢል የአዲስ አበባ ሰው ከ25 እስከ 26 ደቂቃ ያቆየዋል ማለት ነው። ደቂቃውም የሚቆጠረው ድስቱ ከተጣደበት ጊዜ ሳይሆን ግፊቱ ሞልቶ ማፏጨት ከጀመረበት ጊዜ ነው።

ሁሉም ምግብ ግን ለዚህ ድስት አይስማማም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ክዳኑ ሳይገጠም ቀስ ብሎ ካልተቁላላ፣ ግፊቱ ሽንኩርቱን ይቀቅለዋል እንጂ ወጥ አያደርገውም፤ በዚህ ነገር የባልትና ዐዋቂዎች የሚያቀርቡትን ክስ እኛም እንቀበላለን። ቀይ ቦሎቄ ጥሬነት ከቀረበት ብርቱ ማስታወክ ስለሚያመጣ፣ ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በዚህ ድስት ማብሰል እጅግ ጥሩ ነው። ጓያን በሚመለከት ግን፣ እግርን ሽባ የሚያደርገው መርዙ በግፊት ስለ ተቀቀለ ፈጽሞ ይጠፋል ብሎ መተማመን አይገባም።

ይህን ድስት የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው መተንፈሻው ሲደፈን፣ አለዚያም ክዳኑ ግፊቱ ሳይወጣ በግድ ሲከፈት ነው። በክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ እጅግ ትንሽ ቀዳዳ ናት። የአተር ክክ፣ የምስርና የሩዝ አረፋ ወይም የባቄላ ገለፈት በቀላሉ ይደፍናታል። ስለዚህ ክዳኑን ከመግጠም አስቀድሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ በቀዳዳዋ አሻግሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ብርሃን ካልታየ በቀጭን ሽቦ ጠርጎ በውሃ ማጠብ ነው። ትናንት ታጥቧል ማለት አይበቃም። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ ለጥራጥሬና ለሩዝ ደግሞ ከግማሹ አያልፍም፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ቢደረግበትም አረፋው ይቀንሳል። ውሃ ሳይኖረው ፈጽሞ አይጣድም። ቶሎ ይብሰል ብሎ በማፏጫው ላይ ሌላ ክብደት መጫን፣ ወይም ሁለተኛውን የመጠባበቂያ መተንፈሻ በሌላ ነገር መድፈን ሞትን መጥራት ነው።

በከሰል የሚያበስሉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው። ቡታጋዝና የኤሌክትሪክ ምድጃ ማፏጨት ሲጀምር ወዲያው ይቀነሳሉ፤ ፍም ግን አይታዘዝም። ስለዚህ ከሰሉን ከመጀመሪያው አሳንሶ ማቀጣጠል፣ ድስቱ ሲያፏጭም ፍሙን በመቆስቆሻ ቀንሶ መተው ይሻላል። ራሳቸው የሚቆጣጠሩት የኤሌክትሪክ ድስቶች ከዚህ ሐሳብ ያሳርፋሉ፤ መተንፈሻቸውን ማጽዳት ግን ለእነርሱም አይቀርም።

ሲከፈትም፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፉጨቱ እስኪያበቃ፣ ምልክት ያለውም እንደ ሆነ ምልክቱ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ማፏጫውን በረጅም ማንኪያ ትንሽ ቀና ሲያደርጉት እንፋሎት ከወጣ ጊዜው አልደረሰም። ክዳኑ እምቢ ካለ በመዶሻም በጭልፋም አይታገሉት። በውስጡ ያለው ውሃ ከ92 ዲግሪ እጅግ በላይ ስለሚሞቅ፣ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ምግቡን ሁሉ ወደ ፊት ይረጨዋል። ልጆች በዚህ ሰዓት ከወጥ ቤቱ ይውጡ።

የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ መለወጥ አለበት። ከገበያ ያገለገለ ድስት የሚገዛም ሰው፣ ልክ የሆነ ጎማና ማፏጫ የሚገኝለት መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ባይከፍል ይሻለዋል።

እንፋሎት ያቃጠለው ሰው ቢኖር፣ ቀለበትና አምባር ፈጥኖ አውልቆ የተቃጠለውን አካል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት ወይም ጭቃ መቀባት ቁስሉን ያመረቅዛል፤ ሐኪሙም እንዳያየው ይሸፍንበታል። ውሃ የቋጠረው አይፈርጥ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ይሸፈን። ቃጠሎው ፊትን፣ ዓይንን ወይም እጅን የነካ፣ ከመዳፍም የሰፋ፣ ወይም በሕፃን ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ውሃው ከፈሰሰበት በኋላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።