በአንድ አድራሻ የተመዘገቡ ሁለት ስሞች

በዋሽንግተን ዙሪያ፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች ተበትነው የሚኖሩ የዕድር አባላት ጥሩምባ እየነፋ መርዶ የሚያሰማ ለፋፊ ስለሌላቸው፥ የሞት ዜናም ሆነ የወርኃዊ መዋጮ ማሳሰቢያ፥ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪም ሆነ የሒሳብ መግለጫ የሚደርሳቸው በስልክና በኢሜይል ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ጸሐፊ ግን መዝገቡን በገለጠ ቍጥር አንድ ነገር ይገጥመዋል፤ ይኸውም ባልና ሚስት፥ አንዳንድ ጊዜም አያትና የልጅ ልጅ፥ እያንዳንዳቸው በየስማቸው የተመዘገቡ አባላት ሲሆኑ የኢሜይል አድራሻቸው ግን አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ልጆቻቸው ከዓመታት በፊት አንድ አድራሻ ከፍተው፥ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፈው ሰጥተዋቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ የሚገለገለው በዚያው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድን ሰው ከማኅበሩ ሳይታወቅ ሊያስቀር የሚችል ስለሆነ በትዕግሥት ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ አድራሻ ለብዙ ሰው መዋሉ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ልማድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ ካስጀመሩ፥ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. በዓለም የፖስታ ኅብረት አባልነት ከገባች በኋላ፥ በአገራችን ጸንቶ የኖረው ሥርዓት ደብዳቤን በየቤቱ እያዞሩ ማደል ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ማስቀመጥ ስለ ሆነ፥ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ሣጥን ለብዙ ሠራተኛና ለብዙ ተማሪ መድረሻ ሆኖ አገልግሏል። ሣጥኑ የጋራ ይሁን እንጂ ፖስታው የግል ነበር፤ ቍልፉን የያዘው ሰው በላዩ የተጻፈውን ስም አንብቦ፥ የታሸገውን ሳይከፍት ለባለቤቱ ያስረክባል። የኢሜይል ሣጥን ግን እንዲህ ያለ እሽግ የለውም፤ ሣጥኑን የከፈተ ሁሉ ደብዳቤውንም ከፍቷል።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ወደ ጥንተ ነገሩ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አርፓኔት በሚባለው መረብ አማካይነት ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መልእክት ሲልክ፥ የተቀባዩን መጠሪያ ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየው ምልክት እንዲሆን ዛሬ በየአድራሻው መካከል የምናየውን ‹አት› መረጠ። ከምልክቱ በስተግራ ያለው የአንድ ተገልጋይ መጠሪያ፥ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ሣጥኑ የሚገኝበት ስፍራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል አጻጻፍ ደንብም ከአድራሻው በፊት የሰውን ሙሉ ስም መጻፍ እንደሚቻል አጸና፤ ሆኖም ያ ስም ለአንባቢ ዓይን የተቀመጠ ነው እንጂ መልእክቱን የሚያጓጕዘው ኮምፒዩተር አይመለከተውም። ስለዚህ ‹ለወይዘሮ እገሊት› ብለን የጻፍነው መልእክት አድራሻው የጋራ ከሆነ ከባለቤታቸው መልእክት ጋር ተደባልቆ በአንድ ሣጥን ያርፋል፤ መልስ ሲመጣም ምንም እንኳ የጻፉት ወይዘሮዋ ቢሆኑ፥ በላኪነት የሚታየው አድራሻው ሲከፈት የተመዘገበው የባለቤታቸው ስም ሊሆን ይችላል።

በዚሁ መሠረት ላይ የተሠሩት የአድራሻ መዝገቦችም አድራሻውን እንደ ሰውዬው አድርገው ይቈጥሩታል። ጎግል ኮንታክትስን የመሰለው መዝገብ ሁለት ካርዶች አንድ አድራሻ ይዘው ሲያገኝ ድግግሞሽ መስሎት እንዲዋሐዱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጸሐፊውም ሳያስተውል ከተስማማ፥ ከሁለቱ ስሞች አንዱ የካርዱ መጠሪያ ሆኖ ሌላው ከዝርዝሩ ይሰወራል። ሜይልቺምፕ በሚባለውና ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚልከው አገልግሎት ዘንድ ደግሞ የአባሉ መለያ ራሱ አድራሻው ስለሆነ፥ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ለአንድ አድራሻ ከአንድ ሰው በላይ ማስመዝገብ አይቻልም፤ ባልየው መልእክቱ ይቅርብኝ ብለው የመሰናበቻውን ማያያዣ ቢጫኑ ሚስታቸውም አብረው ይሰናበታሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የድምፅ ነገር ነው። ጉባኤው አመራሩን በጎግል ፎርም ሲመርጥ አንድ መለያ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ ከታዘዘ፥ መዋጮ በየስማቸው ከሚከፍሉት ከሁለቱ አባላት አንዱ ድምፅ አልባ ይሆናል፤ ይህም ማንም ሳያስበው የሚፈጸም በደል ነው።

በምዕራባውያን ዘንድ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚይዙ ሁለቱን በአንድ ካርድ፥ በቤተሰቡ ስም መመዝገብ ይቻላል። በእኛ ልማድ ግን ሚስት በአባቷ ስም ጸንታ ስለምትኖር ሁለቱን የሚያስተሳስር የጋራ ስም በመዝገቡ የለም፤ አንዱ ስም ከጠፋም ከቀረው ስም ተነሥቶ የጠፋውን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ መዝገቡ በነፍስ ወከፍ ሊደራጅ ይገባዋል፤ ለእያንዳንዱ አባል የራሱ መሥመር፥ ሙሉ ስሙ፥ የአባልነት ቍጥሩና የግል ስልኩ ይመዝገብ፤ የቤተሰብ ቍጥር የሚገባበት ዓምድ ተጨምሮም የአንድ ቤት ሰዎች ተመሳሳይ ቍጥር ይሰጣቸው፤ አድራሻው የጋራ ቢሆን እንኳ በሁለቱም መሥመር ላይ ይጻፍ። ድግግሞሽ የሚወገደው ከመዝገቡ ሳይሆን በሚላክበት ጊዜ ለብቻው ከሚዘጋጀው ዝርዝር ነው፤ በዚያም ዝርዝር አድራሻው አንድ ጊዜ ይገባና በሰላምታው ላይ ሁለቱም ስሞች ይጠራሉ።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ገሃድ የሚሆነው በሞት ጊዜ ነው። አድራሻው በባልየው መሥመር ብቻ ተጽፎ ከነበረ፥ ጸሐፊው የሟቹን መሥመር ሲሰርዝ አድራሻውም አብሮ ይሰረዛል፤ መበለቲቱም የዕድሩ ድጋፍ እጅግ በሚያስፈልጋቸው ወራት የዕድሩ ቃል ይቋረጥባቸዋል፤ እሳቸው ወገን የረሳቸው ይመስላቸዋል፥ ጸሐፊውም መልእክቱ የደረሳቸው ይመስለዋል። መሥመሩ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ የመዋጮ ማሳሰቢያው በሟች ስም እየተጠራ፥ ተዝካራቸው እስኪወጣና ከዚያም በኋላ፥ ኀዘንተኛይቱ በሚያነቡት ሣጥን ይደርሳል። ሁለቱም እጅግ የሚያሳዝኑ ናቸው፤ ሁለቱንም ማስቀረት የሚቻለው በሟቹ መሥመር ላይ ዕረፍታቸውን መዝግቦ ስማቸውን ከመላኪያው ዝርዝር በማውጣትና የባለቤታቸውን መሥመር ምሉዕ አድርጎ በማቈየት ነው። በፍቺ ጊዜም አድራሻው የይለፍ ቃሉን ይዞ ለቀረው ወገን ስለሚሆን፥ ወዲያው ሌላ አድራሻ ሊጠየቅ የሚገባው አባል እንዳለ የሚያሳየው ያው የቤተሰብ ቍጥር ነው።

የምሥጢር ነገርም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም። የአንዱ አባል የመዋጮ ውዝፍ፥ የሕመም ጊዜ ርዳታ ጥያቄ ወይም በሸንጎ የተያዘ ጉዳይ ወደ ጋራ ሣጥን ሊላክ አይገባም፤ በግል ስልክ ይነገር። ምሥጢር ላልሆነው ግን መልስ የሚሰጡት አባላት ከደብዳቤው ግርጌ ስማቸውን እንዲጽፉ መለመን ይበቃል። ሊቀ መንበሩ፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጋራ የሚሠሩበት የዕድሩ የራሱ አድራሻ ግን ሌላ ነው፤ በእርሱ ላይ የይለፍ ቃልን ከእጅ ወደ እጅ ከማዞር ይልቅ፥ ጂሜይል የሚፈቅደውን የውክልና ሥርዓት ተከትሎ እያንዳንዱ በየራሱ መለያ እየገባ እንዲያነብና እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል።

ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል መለያ የመሰረዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 ስላወጣ፥ ልጆች ለወላጆቻቸው ከፍተውላቸው የተረሳ አድራሻ ባልታሰበ ቀን ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መልእክቱ ሳይደርስ ተመልሶ ሲመጣ ጸሐፊው ያንን አድራሻ በመዝገቡ ውስጥ ይፈልግ፤ ከአጠገቡ የሚያገኛቸው ስሞች ሁለት ከሆኑም ለሁለቱም በየስልካቸው ይደውል።