ላሊበላው ደብዝዞ ቆሎው ለምን ይታወሳል?

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ወዳጃችሁን «ላሊበላ ሄደህ ነበር አይደል? እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። «በጣም ደስ ይላል፤ የሚገርም ሥራ ነው» ይላችኋል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዓለት መፈልፈሉን ይነግራችኋል፤ ይህን ግን ሳይሄድም ያውቀው ነበር። አሁን «መንገዱስ?» በሉት። ያኔ ወንበሩን ወደ እናንተ ያስጠጋል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አውቶቡሱን እንዴት እንደዋጠው፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሸጠችለት ልጅ መልሱን ሳትሰጠው አውቶቡሱ ሲነሣ እየሮጠች በመስኮት እንዳቀበለችው፣ አጠገቡ የተቀመጡት እናት «ከስንቄ ካልቀመስክማ!» ብለው እንዴት እንደተቆጡት ይተርክላችኋል። ድምፁ ሁሉ ይለወጣል።

ስምንት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ድንቅ ሥራ በአንድ ብርጭቆ ቆሎ ሲሸነፍ አይታችሁ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ስለ ሰው ልጅ የማስታወስ ችሎታ የተጠናውን ባገላበጥኩ ቁጥር ግልጽ እየሆነልኝ የመጣው፣ ቆሎው ያሸነፈው በአጋጣሚ አለመሆኑ ነው። አእምሯችን የሚያስቀረውንና የሚጥለውን የሚለይበት የራሱ መንገድ አለው፤ ለትልቅ ነገር ደግሞ አያዳላም። ስሙኝማ።

አእምሮ ሌት ተቀን የሚሠራው አንድ ሥራ መገመት ነው። ላሊበላን ገና ሳታዩት በቴሌቪዥን፣ በካላንደር፣ በሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ደጋግማችሁ አይታችሁታል። ስትደርሱ የምታገኙት የጠበቃችሁትን ነው። ግምቱ ከሠመረ አእምሮ ብዙ አዲስ ነገር የሚመዘግብበት ምክንያት የለውም። ያልታሰበ ነገር ሲገጥመው ግን ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ይለቀቅና፣ በጆሯችን አቅጣጫ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው ሂፖካምፐስ፣ ማለትም አዲስ ትዝታ የሚመዘገብበት ክፍል፣ ንቁ ይሆናል። መልስ ይዛ የምትሮጥ ልጅ በየትኛውም ካላንደር ላይ አልነበረችም። (ላሊበላ አትሂዱ ማለቴ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። ላሊበላ ላሊበላ ነው።)

ያልታሰበው ነገር የራሳችንን ሕይወት የሚነካ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ ይበረታል። አበበ ቢቂላን አስቡት። ለ1960 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ ሮም ሲገባ ከተማዋ በሐውልትና በፍርስራሽ የተሞላች ናት። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የውድድሩን መንገድ አስቀድሞ ሲያጠና ግን ጣሊያኖች ዘርፈው የወሰዱትን የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ ቆሞ አገኘው። የመጨረሻዋን ፍጥነት የሚጨምርባት ቦታ ያቺ እንድትሆን ተስማሙ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ ሁሉ የሮም ድንጋይ መሃል ለእርሱ ምልክት የሆነው የአገሩ ድንጋይ ነው።

አሁን ወዳጃችሁ ወደ ላሊበላ ወደተጓዘበት የደሴ መንገድ ልመልሳችሁ፤ ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚጥመው።

ለዓመታት ረጅም መንገድ ተጓዥ ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ መስቀል አደባባይ ይሰበሰብ ነበር፤ ከኦሎምፒያ በእግር የሚደረስ ነው። ሻንጣው ይጫናል፣ ረዳቱ ስም ይጠራል፣ አውቶቡሱ በጨለማ ይወጣል። ከዚያ ሰንዳፋ፣ አሌልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ደብረ ብርሃን። ይህ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ሜዳ ነው፤ ብርዳም ነው፤ ሸኖ ላይ ቅቤ ካልገዛችሁ በቀር ከእርሱ ምን ይዛችሁ ቀራችሁ? ምንም። ጋቢ ተከናንባችሁ አንቀላፍታችኋል። ከዚያ በኋላ አገሩ ድንገት ይቆረጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ይመጣል። በአንድ በኩል ጉምና ብርድ፣ በሌላው በኩል ገደልና ቁልቁለት። ጆሮ ይደፈናል፣ ሰው ይነቃል፣ «ደረስን እንዴ?» የሚል ይኖራል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደብረ ሲና፣ ከእርሷም ጋር ቆሎ ሻጮቹ።

ጄፍሪ ዛክስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው ማለት ይቻላል። በእርሱ ጥናት መሠረት አእምሮ ቀኑን እንደ አንድ ረጅም ፊልም አይዝም፤ በምዕራፍ ይቆርጠዋል። ቦታ ሲቀየር፣ የምንሠራው ነገር ሲቀየር፣ አዲስ ሰው ሲመጣ፣ እዚያ ጋ መስመር ያሰምራል። መስመሩ አካባቢ የሚሆነው ነገር ከምዕራፉ መሃል ካለው በተሻለ ይታወሳል። የዚህ ሌላው ገጽታ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ነው፤ ሰዎች በበር አልፈው ሌላ ክፍል ሲገቡ ከክፍሉ ሳይወጡ ያንኑ ያህል ርቀት ከተራመዱት በበለጠ በእጃቸው የያዙትን ነገር ይረሳሉ። ኩሽና ገብታችሁ «ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት?» ያላችሁበት ቀን አለ አይደል? በሩ ያለፈውን ምዕራፍ ዘግቶባችሁ ነው።

እንግዲህ ጣርማ በር ምን ያህል ትልቅ በር እንደሆነ አስቡት! ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከእንቅልፍ ወደ ንቃት፣ ከዝምታ ወደ ግርግር። የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ሳያውቁት በአእምሯችን አዲስ ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቆመዋል። ቆሏቸው ከሌላው ከተማ ቆሎ ይጣፍጣል አይጣፍጥም የሚለውን ለእናንተ እተዋለሁ። እኔ ይጣፍጣል ባይ ነኝ።

ደግሞ መስኮቱ ሲከፈት የሚገባው የተቆላ ገብስ ሽታ አለ። ሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የሚልኩት መልእክት ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። የሽታ መልእክት ግን ይህን ጣቢያ ሳይረግጥ ስሜትና ትዝታ ወዳለበት ሰፈር በቀጥታ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ጎረቤት ቤት ገብስ ሲቆላ ሳታስቡት አውቶቡስ ውስጥ የምትገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ዘፈንም ትዝታን እንዲህ መጥራት ያውቅበታል። ሹፌሩ ካሴት የሚከፍትበት ዘመን ላይ የተጓዘ ሰው፣ አምባሰል ቅኝት በሰማ ቁጥር ያ ቁልቁለት ፊቱ ድቅን ይልበታል። ለነገሩ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ መንገዱም ወደዚያው ነው የሚሄደው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሁሉ ጥሩ፤ ድካሙስ? አቧራው፣ የተጣበበው ወንበር፣ ጎማ ሲፈነዳ ፀሐይ ላይ መቆሙስ የት ሄደ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የት እንደሄደ የሚያሳይ ደስ የሚል ሙከራ አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደው ዳንኤል ካህነማን በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ሰዎችን እጃቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነከራቸው። አንዴ ለ60 ሰከንድ በ14 ዲግሪ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለዚያው 60 ሰከንድ በዚያው ብርድ፣ ከዚያ ግን 30 ሰከንድ ተጨምሮ ውሃው በአንድ ዲግሪ ብቻ ሞቅ እያለ ሄደ። «ከሁለቱ አንዱን ድገሙ ብትባሉ የቱን ትመርጣላችሁ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። አያችሁ? የበለጠ ስቃይ መረጡ፤ አጨራረሱ ለስለስ ስላለ። ትዝታ የቆይታውን ርዝመት ብዙም አይቆጥርም። የሚይዘው ስሜቱ ጫፍ የነካበትን ቅጽበትና አጨራረሱን ነው።

ስለዚህ ደሴ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጣችሁ ስትንገላቱ የዋላችሁት በሙሉ በትዝታ ውስጥ ያን ያህል ቦታ አይይዝም። ልጅቷ ቆሎውን በብርጭቆ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ሳትጠየቅ ጣል ያደረገችው ምራቂ ግን ይይዛል። የግብይቱ መጨረሻ ምርቃት ነዋ! ጥሩ ነጋዴዎቻችን ይህን ለማወቅ ካህነማንን አልጠበቁም።

ከዚህም ሌላ ትዝታ ያለ ኀፍረት ያሳምራል። ተመራማሪዎቹ ቴረንስ ሚቸልና ሊ ቶምፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ተጓዦችን ከጉዞው በፊት፣ በጉዞው ላይና ከጉዞው በኋላ እየጠየቁ ነበር። ከተጠኑት መካከል ሦስት ሳምንት ካሊፎርኒያን በብስክሌት ያቋረጡ ተማሪዎች ይገኙበታል። መንገድ ላይ ሳሉ በዝናቡም በድካሙም ይማረሩ ነበር፤ ከተመለሱ በኋላ ግን ስለ ጉዞው የተናገሩት ሲጓዙ ከተሰማቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ትናንሽ ብስጭቶች ቶሎ ይረግፋሉ፤ ደጉ ነገር ይቆያል። የፈነዳው ጎማም ዞሮ ዞሮ የሚያስቅ ወሬ ይሆናል።

ወሬ ካነሣን ላይቀር፣ ኦሎምፒያ ባለው ካፌ ውስጥ ያ ወዳጃችሁ ሲተርክ የሚሠራው ሥራም ቀላል አይደለም። ትዝታ በጠቀለሉት ቁጥር ያንኑ የሚደግም ካሴት አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች እንግዳ የሆነ ተረት ሰጥቶ ደጋግመው እንዲተርኩት ሲያደርግ ተረቱ እያጠረ፣ ለተራኪው ባህል እየቀረበ ሄደ፤ ታንኳው ጀልባ ሆነ። እኛም እንዲሁ ነን። ቆሎ ሻጯ በመጀመሪያው ትረካ ላይ አሥር እርምጃ ከሮጠች በአምስተኛው ከተማውን ታቋርጣለች። ይህን ውሸት ብላችሁ አትውቀሱት። ደጋግሞ መተረኩ ራሱ ነው ትዝታውን ያቆየለት፤ ማንም ያልጠየቀው ጉዞ ቶሎ ይደበዝዛል።

ፎቶስ? በዚህ ላይ አስተያየቴ የከረረ ነው፤ መረጃም አለኝ። ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንከል ሙዚየም ውስጥ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ሙከራ፣ ሰዎች ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች በዓይናቸው ብቻ ካዩዋቸው ባነሰ ሁኔታ አስታወሱ። ካሜራው ስለያዘልን እኛ እንለቃለን። የሚገርመው ግን ካሜራውን አቅርበው አንዲት ቁራጭ ነገር ብቻ ያነሱት ትዝታቸው አልተጎዳም፤ ፎቶው ውስጥ ያልገባውን የዕቃውን ክፍል እንኳ በደንብ አስታወሱ። ስለዚህ ማንሳታችሁ ካልቀረ ተራራውን ተዉትና የቆሎውን ስፌት አንሱ።

እነዚህ ሁሉ እንዲሆኑ ግን የሚከፈት መስኮት፣ የሚቆም አውቶቡስና የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ እየቀነሰ ነው። በሰሜኑ መንገድ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምክንያት ብዙ ሰው በየብስ መጓዝ ትቷል፤ አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ደመና ላይ ደግሞ ቆሎ የሚሸጥ የለም። የጅቡቲውን ባቡር ነገርም እዩት። ከኦሎምፒያ ብዙም በማይርቀው ለገሃር ባቡር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በጥንቱ ዘመን ሌሊት ስለማይነዳ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ፣ መንገደኛውም አዋሽና ድሬዳዋ ያድር ነበር። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ጉዞ ውስጥ ስንት በር፣ ስንት አዲስ ምዕራፍ! ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ምቹ ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው በአሮጌው አይለውጠውም፤ እኔም አልለውጠውም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው ስለተሠሩ ገበያው ወደ ተሳፋሪው አይመጣም።

ትዝታ ቀስቃሽ ቦታዎቹም እየሄዱ ነው። የለገሃር አካባቢ በአዲስ ግንባታ እየተለወጠ ነው፤ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተበትኗል። በአሮጌው ባቡር ድሬዳዋ የተመላለሱ እናቶችና አባቶች ግን አሁንም በየቤታችን አሉ። እስቲ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። «ጉዞው እንዴት ነበር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ደስ ይል ነበር» ብለው ይዘጉባችኋል፤ ይልቅስ «አዋሽ ላይ ምን በላችሁ? አጠገባችሁ ማን ተቀምጦ ነበር?» በሏቸው። ከመደወላችሁ በፊት ግን ስልካችሁ በቂ ቻርጅ እንዳለው አረጋግጡ፤ ቶሎ አይጨርሱም።