ግራና ቀኝ በስኬትቦርድ ላይ
ስኬትቦርድና ስኖውቦርድ የሚነዳ ሰው በጎኑ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ «ወደ ግራ ዙር» ብሎ ማስተማር ጀማሪውን ያምታታዋል፤ ሊጥለውም ይችላል። ግራ እግሩን የሚያስቀድም «ሬጉላር»፥ ቀኙን የሚያስቀድም «ጉፊ» ይባላል። ጉፊ በእንግሊዝኛ ቂላቂል እንደ ማለት ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በውድድር ላይ በአየር ሁለት ዙር ተኩል የተሽከረከረው ቶኒ ሃውክ ጉፊ ስለ ሆነ፥ ስሙ የተገባ አይመስለኝም።

ከሜዳ ዘሎ ሲዞር ደረቱን ካስቀደመ «ፍሮንትሳይድ»፥ ጀርባውን ካስቀደመ «ባክሳይድ» ነው። እንግዲህ «ፍሮንትሳይድ» ሲባሉ ሬጉላሩ ወደ ግራ፥ ጉፊው ወደ ቀኝ ይዞራሉ፤ ቃሉ የሚለካው በሰውነት እንጂ በመንገዱ አይደለምና። የለመደውን እግር ወደ ኋላ አድርጎ መንዳት ደግሞ «ስዊች» ይባላል፤ ይህም ቀኝ እጁን ለለመደ ሰው በግራው እንደ መጻፍ ያለ ነው።